የአደይ ለተብርሃን ሸረሪቶች

ባለፈው ቅዳሜ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ በረሮ በዛ ብሎ አንድ ሰውዬ ቀጥሮ ኖሮ፣ ጠዋት በሬን ስከፍት ኮሪደሩ በፍሊት ሽታ ታፍኖ ጠበቀኝ። ሰውዬው በጀርባው ባዘለው ታንክ ግድግዳ ግድግዳውን እየረጨ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው እያሳሉ ይራገሙታል። እኔ የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ነጭ ጋዝና የመድኃኒት ዱቄት ተቀላቅሎ የተቃጠለ የሚመስለው ያ ሽታ አላሳለኝም፣ ዓይኔንም አላቃጠለኝም፤ ብቻ ጣቶቼ ቀዝቅዘው የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉኝ። እንዲህ ሆኖ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሥመራ፣ ሓዝሓዝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ።

የምንኖርበት ቤት የእኛ አልነበረም። አባቴ በስልክ መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን ነበረና ከደብረ ብርሃን ወደ አሥመራ ሲዛወር፣ መንግሥት ከወረሳቸው ትርፍ ቤቶች አንዱ ተሰጠን፤ ጣሊያን የሠራው፣ ቀለሙ እንደ ቆየ ቅቤ የገረጣ፣ ወለሉ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ የሆነ ቪላ። የመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ የአንበሳ መዳፍ የሚመስሉ አራት የብረት እግሮች ነበሩት፤ ነገር ግን ውኃ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ደስ ካለው ስለሚመጣ፣ ገንዳው ማጠራቀሚያ ሆኖ ኖረ እንጂ ሰው ሲታጠብበት አይቼ አላውቅም። ከገንዳው በላይ በጣሪያው ጥግ እግራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሸረሪቶች ነበሩ። እፍ ሲሏቸው መላ አካላቸውን እያርገበገቡ እስክስታ የሚወርዱ ይመስላሉ። አባዬ ጢሙን ሲላጭ ሆን ብሎ እፍ ይላቸውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጓዶች፣ ተነሱ፤ ስብሰባው ተጀምሯል" ይላቸው ነበር።

የቤቱ ባለቤት እማማ ለተብርሃን፣ በትግርኛው አደይ ለተብርሃን፣ የትም አልሄዱም። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከቪላው ጀርባ ባለችው አንዲት ሰርቪስ ክፍል ይኖሩ ነበር። አዋጁ ከመምጣቱ በፊት ትልቁን ቤት ለአንድ የጣሊያን ቤተሰብ አከራይተው፣ እሳቸው በዚያች ክፍል ልብስ እየሰፉ ይኖሩ ስለነበር፣ መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ክፍሏን መኖሪያ፣ ቪላውን ትርፍ ብለው ጽፈው ሄዱ። ይህን የነገረኝ አባዬ ነው፤ እሳቸው ስለ ቤቱ አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም። ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናቸውን እግር የሚረግጡበት ድምፅ በመኝታ ቤታችን መስኮት ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጭ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ የተቀደደ የወንድ ኮት ደርበው፣ እሳቸው "ጀርዲን" በሚሉት የአትክልት ቦታ ውስጥ ጎንበስ ብለው ይውላሉ።

እናቴ ከአንበሳም ከጥይትም ይልቅ የምትፈራው ሸረሪት ነበር። የአሥመራ ጥይት ከሩቅ ሲሰማ "ነጎድጓድ ነው" ብላን ወጧን ታማስላለች፤ ጥፍር የምታክል ሸረሪት መጋረጃ ላይ ካየች ግን ወንበር ላይ ወጥታ አባዬን ከሥራ ልታስጠራው ምንም አይቀራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ መጥረጊያ አስራ የቤቱን ጥግ ሁሉ ታስሳለች። አደይ ለተብርሃን በዚያን ሰዓት ከክፍላቸው ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ፤ ምንም አይሉም፣ ያያሉ። አንድ ቀን እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ አትክልቱ ስትሻገር ግን "እዚህስ ይብቃሽ፣ ጓለይ" አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ድንበሩ ታወቀ፤ ቤት ውስጥ የእናቴ፣ ውጪው የአደይ ለተብርሃን። እኔ ብቻ ያለ ይለፍ ወረቀት በሁለቱም በኩል እመላለስ ነበር።

ያየሁት ሁሉ ከእሳቸው ጋር ያየሁት ነው። በበረንዳው ሥር ባለው ደረቅ አፈር ላይ የተገለበጠ ጉልላት የመሰሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ፤ ጉንዳን ሲያልፍ ይንሸራተታል፣ ከታች ያለው ሥውር ነፍሳት አፈር እየበተነበት ይጎትተዋል። መስኮቱ ደፍ ላይ የምትዘል ሸረሪት ነበረች፤ ጣቴን ሳንቀሳቅስ እንደ ሰው ቀና ብላ ታየኛለች። ከቡጋንቪላው ላይ የደረቀ እንጨት መስሎኝ የያዝኩት ነገር በመዳፌ ውስጥ መራመድ ሲጀምር ጮኼ ወረወርኩት፤ አደይ ለተብርሃን ጎንበስ ብለው ፈልገው አነሡትና፣ አቧራውን እፍ ብለው ወደ ቅርንጫፉ መለሱት። "ርኣዪ" ይሉኛል፤ ተመልከች ማለታቸው ነው። ከእሳቸው የተማርኩት አብዛኛው ትግርኛ እንዲህ ያለ ነው፤ ተመልከች፣ ቀስ በይ፣ አትግደያት።

በክረምት፣ በሎሚው ዛፍና በውኃው በርሜል መካከል፣ ቢጫና ጥቁር ሽንትር ያላት፣ እግሯን ጨምሮ መዳፌን የምትሞላ ሸረሪት ድሯን ትዘረጋለች። ሎሚው ስል ይሥቁብኝ ነበር፤ በትግርኛ ሎሚ ማለት ዛሬ ነውና "ዛሬ ዛፍ የለውም፤ ለሚን በይ" ይሉኛል። የዚያች ሸረሪት ድር መሐል ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ አለ፤ ልክ በስፌት መኪና ወዲያ ወዲህ እየተባለ እንደሚሰፋ ዚግዛግ። ስለዚህ "ሰፋዪት" አሏት፤ ልብስ ሰፊዋ። "እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ እሷ ያለ መነጽር ትሰፋለች" ብለው በአማርኛ ነገሩኝ፣ 'ዓይኔ' የምትለዋን ከጉሮሯቸው ጥልቀት አውጥተው።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ሁለት ጊዜ የወረደውን በረዶ አውቀዋለሁና የሚመጣውን ገመትኩ። ያኔም በረዶው ቅጠሉን ሁሉ ወንፊት አድርጎት ነበር የሄደው። አደይ ለተብርሃን ለስፌት ክር ፍለጋ ከተማ ወርደዋል። እኔ የወንድሜን የወተት ዱቄት ጣሳ አነሣሁ፤ በምስማር የበሳሁትን የሌላ ጣሳ ክዳን ያዝኩ፤ ሰፋዪቷን በቀስታ በእንጨት እየገፋሁ አስገባኋት። እግሮቿን ሰብስባ እንደ ደረቀ አበባ ተኮማተረች። ክዳኑ ሰፊ ነበር፣ በደንብ አይገጥምም፤ "ለአንድ ሰዓት ነው" ብዬ ጣሳውን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ክፍሉን የምጋራው ከወንድሜ ከቢኒያም ጋር ነበር፤ የአሥር ወር ልጅ ነው፤ የእንጨት አልጋው ከእኔ አልጋ አንድ ክንድ ይርቃል። በረዶው ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ተደፋ፤ ሲያበቃ ግቢው ነጭ ሆኖ የጎረቤት ልጆች በረዶ ሊለቅሙ መጡና እኔም አብሬ ወጣሁ። በዚያው ረሳኋት።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የእናቴ ጩኸት ነው። የቢኒያም ግራ ክንድ ከአንጓው እስከ ክርኑ አብጦ ቀልቷል፤ ከአልጋው በላይ መጋረጃው ላይ ሰፋዪቷ ስምንት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እናቴ ወንበር ላይ አልወጣችም፤ በዚያ ቀን አልፈራችም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በመጋረጃው ላይ ጨፈለቀቻት፤ ከወደቀች በኋላም ደጋግማ መታቻት። ልጁን በአንድ ክንዷ ታቅፋ፣ ጫማውን በሌላው እጇ ይዛ፣ በሌሊት ልብሷ ወደ ግቢው ወጣች።

"አንቺ ነሽ!" አለች። በስድስት ዓመት ውስጥ እናቴ አደይ ለተብርሃንን 'አንቺ' ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። "በልጄ ላይ አውሬ ስታረቢ! እዪው ክንዱን፣ እዪው!"

አደይ ለተብርሃን የስፌት መኪናቸውን አቁመው ወጡ። ክንዱን አዩ። ጫማው ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ጥቁር ነገርም አዩ።

"ይህቺ ቤት አትገባም" አሉ ቀስ ብለው። "በእግሯ አትገባም።"

ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። የወጥ ቤቱ በር ላይ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ፤ ሲሚንቶው በትናንቱ በረዶ ቀዝቅዟል። እኔ ነኝ ያስገባኋት ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበር። ብዙ ጊዜ ነበር። ፍርሃትም አልነበረም፤ የሚሆነውን ሁሉ ከወፍራም መስታወት ጀርባ ሆኜ የማይ ዓይነት ነበርኩ። አደይ ለተብርሃን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ።

"ልጁን ወደ ሐኪም ውሰጂው" አሏት እናቴን፤ ገብተውም በራቸውን መለስ አደረጉት።

ቢኒያም አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ ትንኝ ይሁን ቁንጫ የነከሰው ቦታ ቆሽሾ መግል እንደቋጠረ፣ ሸረሪት መሆኑን ግን እንደሚጠራጠር ለአባዬ ነገረው፤ በጥቶ አወጣለት፣ መርፌም አዘዘለት። ክንዱ ላይ ባቄላ የምታክል ጠባሳ ቀረች። እናቴ ግን ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ሆና የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ወይ እሷ ወይ እኔ።" አባዬ ሰው መጋፈጥ የማይወድ፣ በሰልፍ ውስጥ እንኳን ተራውን ለሌላ የሚለቅ ሰው ነበር። ሦስት ቀን ዝም አላት። በአራተኛው ቀን ኮቱን ለበሰና ወደ ቀበሌ ሄደ።

ቀበሌውም ለካ ክፍሏን ሲፈልጋት ኖሯል። በሳምንቱ ወረቀት መጣ፤ ለአደይ ለተብርሃን ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል በለውጥ ተሰጥቷቸዋል ይላል። በዚያው ሳምንት እናቴ ያስጠራቻቸው ሁለት ሰዎች ፍሊታቸውን አዝለው መጡ። ቤቱን ረጩ፣ በረንዳውን ረጩ፣ ጀርዲኑን ከግንቡ እስከ ግንቡ ረጩ። በማግሥቱ ጠዋት ጥቁርና ነጩ ወለል በሞቱ ነገሮች ተሸፍኖ ነበር፤ ከገንዳው በላይ የነበሩት ቀጫጭኖቹ ውኃው ላይ ተንሳፍፈዋል፤ ስማቸውን የማላውቃቸው፣ ከእኛ ጋር መኖራቸውንም ያላወቅኋቸው፣ ክንፋቸው እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ሆዳቸው አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ነፍሳት ከየስንጥቁ ወጥተው በጀርባቸው ተኝተዋል። እናቴ መጥረጊያውን ሰጠችኝ። ጠረግኩ። ጣቶቼ ያን ጊዜ ነው የቀዘቀዙት።

አደይ ለተብርሃን የሄዱት ሐሙስ ቀን ነው። ጋሪው ላይ የስፌት መኪናቸው፣ ፍራሻቸው፣ የማርያም ሥዕልና አንድ የቆርቆሮ ሳፋ ተጫነ። የክፍሏን ቁልፍ ለአባዬ በሁለት እጃቸው ሰጡት፤ እሱም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው፣ ከዚያም የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ጋሪው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ እንደያዘው ቆመ። እናቴ ውስጥ ነበረች። ወሩ ሳያልቅ የሎሚውን ዛፍ አስቆረጠችውና ቦታውን ሲሚንቶ አስለበሰችው። ግቢያችን ንጹሕ ሆነ። ልብስ ለማስጣትም ተመቸ።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ብቻዬን ወደ ዓኽርያ ሄድኩ። መንገድ ዳር አውቶቡስ እየጠበቁ የቆሙ ሴቶችን ጠይቄ፣ ብረት ቀጥቃጮች ቆርቆሮ ከሚደበድቡበት መንገድ ጀርባ አገኘኋቸው። ክፍላቸው መስኮት የላትም፤ ለብርሃን ብለው መኪናቸውን ደጃፉ ላይ አውጥተዋል፤ መዶሻው ሲወርድ መርፌው ይንቀጠቀጣል። ሲያዩኝ አልተገረሙም። ሻሂ አፍልተው በብርጭቆ ሰጡኝ፤ ዳቦ ቆረሱልኝ። የመጣሁት ልነግራቸው ነበር። መንገዱን ሙሉ ቃሉን በአማርኛም በትግርኛም ስደረድረው ነበር የመጣሁት።

"ለሚኑ ውኃ ይጠጣል?" አሉኝ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ።

"እወ" አልኳቸው።

"ማን ያጠጣዋል?"

"እኔ።"

"ጽቡቕ" አሉ። ጥሩ፣ ማለታቸው ነው። ሻሂዬን ጨርሼ ወጣሁ። መውጫው ላይ እንድመለስ አልጠሩኝም፤ እኔም አልተመለስኩም፤ ከዚያ ወዲያ አይቻቸው አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦርነቱ ከተማዋን ከበባት፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ መውጫው አውሮፕላን ብቻ ሲሆን እናቴ፣ ቢኒያምና እኔ በአንድ የጭነት አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠን ወደ አዲስ አበባ መጣን። አባዬ ከወራት በኋላ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ግማሽ ያህሉ ቀልጦ ደረሰ። ያ ሰውነቱ ተመልሶ አልሞላም። እሱም ስለ ቤቱ አውርቶ አያውቅም።

እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ ቢኒያም እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን ለልጆቹ እያሳየ "ሸረሪት ነክሶኝ" እያለ ሲያስቃቸው፣ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ አብሬያት ተቀምጬ ነበርና ነገርኳት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዝኩትን፣ እንደ ዋዛ፣ ድንች እየላጥኩ ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

ቢላዬን አቆምኩ።

"ጣሳውን እኮ ጠዋቱን አልጋሽ ሥር አገኘሁት። የተበሳ ክዳን ማን ያደርገዋል፣ ካንቺ በቀር?" ድንቹን ከእጄ ወስዳ ራሷ መላጥ ቀጠለች። "ሴትዮዋ ታየኝ ነበር። ልብስ ሳሰጣ ታየኛለች፤ ልጅ ሳጠባ ታየኛለች፤ ስጠርግ ታየኛለች። ክፉ አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ውስጥ የቤቱ ባለቤት እያየችኝ ኖርኩ። ምክንያት ስፈልግ ነበር፤ አንቺ አመጣሽልኝ።"

ያን ጊዜ መቆጣት የሚገባኝ ይመስለኛል፤ ወይም ቢያንስ ሸክሜ መቅለል ነበረበት። ምንም አልተሰማኝም። ድንቹ ተላጠ፣ ምሳ ቀረበ፣ ተበላ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክ የተከፈተ ሰሞን ቢኒያም በሰው በሰው አፈላልጎ የአደይ ለተብርሃንን የእህት ልጅ ቁጥር አመጣልኝ። ትርሓስ ትባላለች። ከመደወሌ በፊት አንዲት ቃል ስለማመድ ከረምኩ፤ "ይቕረታ።" የእኛ 'ይቅርታ' ናት፤ ግን ያቺ 'ቕ' ከጉሮሮ ካልወጣች አትሆንም፤ የእኔ አፍ ደግሞ ረስቷታል። መስታወት ፊት ቆሜ እላታለሁ።

"ሓትነይ ዐርፋለች" አለችኝ ትርሓስ። አክስቴ ማለቷ ነው። አማርኛዋ ከእኔ ትግርኛ በብዙ ይሻላል። "ያኔ፣ ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት። ቤቱን ሊመልሱላት ወረቀት ይዛ ትመላለስ ነበር። አልደረሰችበትም።" ቀጥላም "እናንተ የትኞቹ ናችሁ?" አለችኝ።

"ከስልክ መሥሪያ ቤት፤ ሓዝሓዝ፣ ቪላው ውስጥ የነበርነው።"

"እሱማ ገባኝ። ግን ቪላው ውስጥ ብዙ ሰው ገብቶ ወጥቷል። ከእናንተ በፊት የወታደር ቤተሰብ ነበረ፤ ከእናንተ በኋላም ሁለት ሌሎች።"

"ሕፃን ልጅ ነበረን" አልኳት።

"ሁሉም ሕፃን ነበራቸው፣ እኅቴ" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም።

"ስለ እኛ ያወሩሽ ነገር የለም? ከቤት የወጡበትን ነገር?"

"ሓትነይ ስለ ተከራዮች አታወራም ነበር። ምን ልርዳሽ? የተረሳ ዕቃ አለ?"

"የለም" አልኳት። "ሰላም ልልሽ ብዬ ነው።"

"የቐንየለይ። ደሓን ኩኒ" ብላ፣ አመስግናና ተሰናብታ ዘጋችው።

ቢኒያም ከሶፋው ላይ ሆኖ ያየኛል። "አወቀችን?" አለኝ።

"አላወቀችንም።"

እሱ ቴሌቪዥኑን መልሶ ከፈተ። እኔ ስልኩን በእጄ ይዤ ቆየሁ። ከአሥመራ ስንወጣ አንድ አንድ ሻንጣ ነበር የተፈቀደልን፤ ፎቶዎቹ ቀሩ፣ የትምህርት ቤት ደብተሮቼ ቀሩ፤ ትግርኛዬም ቀስ በቀስ ከአፌ ወጥቶ አለቀ። ከዚያ ቤት ሳላጎድል ይዤው የወጣሁት ጥፋቴን ብቻ ነው፤ የእኔ ብቻ ነው ብዬ ለማንም ሳላካፍል ጠብቄው ኖርኩ። አሁን ግን ግማሹ የእናቴ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረውን ደግሞ የሚቀበለኝ ሰው ዐርፏል፤ እዚያ ግቢ ገብተው ከወጡት ቤተሰቦች መካከል የትኛዋ ልጅ እንደነበርኩ የሚያውቅ ሰው አሥመራ ውስጥ የለም።